የዕቃው ዝርዝር በእጃችን፣ ዕቃውም በግምጃ ቤታችን ይሁን
ስለ ሄልምና ስለ ንግድ ቤቶች የኮምፒውተር ሥራ የቀረበ አሳብ

ማንም አስመጪ የመጣለትን ኮንቴይነር አስከፍቶ ዕቃውን ከመረከቡ በፊት የማሸጊያውን ዝርዝር ይጠይቃል። ትራንዚተሩም፣ የጉምሩክ ፈታሹም፣ የግምጃ ቤት ኃላፊውም ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚያች ወረቀት ነው። ዝርዝሩ ከዕቃው ጋር ካልተስማማ ርክክብ አይፈጸምም፤ ዝርዝሩ ጨርሶ የጠፋ እንደ ሆነም ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን በመሰለ ጥንቃቄ የምንሠራ ሰዎች ሳለን፣ የሽያጭ መዝገባችንን፣ የዕቃ ቆጠራችንንና የደምበኞቻችንን የዱቤ ሒሳብ የምናስቀምጥበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ያለ አንዳች ዝርዝር እንረከባለን። ሠሪው «ተገጥሟል፤ ይሠራል» ሲለን ገንዘቡን እንከፍላለን። በውስጡ ምን ምን እንዳለ፣ ከየት እንደ መጣ፣ የተበላሸ እንደ ሆነም በምን ዓይነት እንደሚመለስ አንጠይቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ እንዲቀር ለማሳሰብ ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ እንዳይታይ የዛሬውን የንግድ ሁኔታ ማስታወስ ይበቃል። አስመጪውና ላኪው ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚያስፈልገውን ፈቃድ የሚጠይቀው በ2012 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ነው። ባለሱቁም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የሸጠበትን ዋጋ በቴሌብር ሲቀበል ይውላል። እንግዲህ የኮምፒውተሩ ሥራ የቆመ ዕለት ንግዱም አብሮ ይቆማል ማለት ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መግለጫ እንደ ተነገረው፣ በሥርዓቱ ላይ ጥገናና ፍተሻ ሲደረግ በተፈጠረ እክል ምክንያት፣ ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣት ቻሉ፤ ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋርጦ የወጣውን ገንዘብ ለማስመለስ ብዙ ደከመ። ይህን ማንሣታችን ባንኩን ለመውቀስ አይደለም። ብዙ ባለሙያዎች ያሉትን ታላቅ ባንክ ያገኘ እክል አንድ ጸሐፊና አንድ ኮምፒውተር ያለውን የንግድ ቤት እንደማይምር ለማሳየት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር የፕሮግራም ባለሙያዎች የፈለሰፉት ዘዴ ከእኛው ሙያ የተወሰደ ነው። ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ የማመላለሻ ባለቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ (ኤፕሪል) 26 ቀን 1956 ዓ.ም. «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ጭኖ ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። ከዚያ በፊት ጆንያው፣ ሣጥኑና በርሜሉ በሰው ትከሻ አንድ በአንድ ይጫንና ይራገፍ ነበር። ኮንቴይነር ከመጣ ወዲህ ግን የሣጥኑ መጠን አንድ ስለ ሆነ መርከቡም፣ ክሬኑም፣ የጭነት መኪናውም በውስጡ ያለውን ሳይጠይቁ ተቀብለው ያሳልፉታል። ከጅቡቲ የተነሣ ኮንቴይነር በሞጆም ቢሆን፣ በእኛው ዞን በወረታ ደረቅ ወደብም ቢሆን ሲራገፍ፣ ክሬኑ በውስጡ ጨርቅ ይኑር ምስማር ይኑር ግድ አይለውም።

የኮምፒውተር ሰዎችም ይህንኑ አደረጉ። አስቀድሞ አንድ ፕሮግራም በሠሪው ኮምፒውተር ላይ በደንብ ሲሠራ ይቆይና በገዢው ኮምፒውተር ላይ ሲገጠም እንቢ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ የሚያስፈልጉት ተጨማሪ መሣሪያዎች በሁለቱ ዘንድ አንድ ዓይነት አልነበሩምና። እ.ኤ.አ. በ2013 ዶከር የተባለው ሶፍትዌር ወጣና ፕሮግራሙን ከነመሣሪያው በአንድነት ማሸግ የተለመደ ሆነ፤ ይህንንም እሽግ ኮንቴይነር አሉት። ኮንቴይነሮቹ ሲበዙ ደግሞ የሚያሰማራቸውና የወደቀውን የሚያነሣ አዛዥ አስፈለገ። ጉግል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ኩበርኔቲስ የተባለውን ሥርዓት ለሁሉ ክፍት አድርጎ አወጣ። ስሙም ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው መርከብ ነጂ ማለት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳያችን ስንመጣ፣ ሄልም የተባለው መሣሪያ የዚህ ሁሉ የማሸጊያ ዝርዝርና የመግጠሚያ ትእዛዝ ነው። ሄልም በእንግሊዝኛ የመርከብ መዘውር ማለት ነው። ዴይስ በተባለ ኩባንያ የሚሠሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን በተባለው ማኅበር ሥር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ማኅበሩ ለበሰሉ ሥራዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ደረጃ አገኘ፤ አራተኛው ዋና ዕትሙም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ወጥቷል። ለመጠቀሚያው ዋጋ አይከፈልበትም፤ የአሠራሩም ጽሕፈት ለማንም ክፍት ስለ ሆነ፣ የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላም ያካፍለዋል።

አሠራሩን በምሳሌ እንግለጸው። በእስቴ፣ በደብረ ታቦርና በወረታ ያሉ አሥር እህል ነጋዴዎች በአንድነት ሆነው የጤፋቸውንና የባቄላቸውን ክምችት፣ ግዢና ሽያጭ የሚመዘግብ ፕሮግራም ያሠራሉ እንበል። ይህ ፕሮግራም አንድ ወጥ ነገር አይደለም። መዝገቡ የሚቀመጥበት አንድ ክፍል አለ፤ ጸሐፊው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የሚያየው ገጽ ሌላ ክፍል ነው፤ ደረሰኝ የሚያዘጋጀውም ሌላ ነው። እያንዳንዱ በየራሱ ኮንቴይነር ይቀመጣል። ያለ ሄልም እነዚህን ለማቆም ባለሙያው ብዙ የትእዛዝ ፋይሎችን አንድ በአንድ ያዘጋጃል፤ ቅደም ተከተሉንና ቁጥሩንም ከእርሱ በቀር የሚያውቀው አይኖርም። በሄልም ጊዜ ግን ሁሉም «ቻርት» በሚባል አንድ ጥቅል ይታሰራል። ከቻርቱም ጋር ባለቤቱ እንደ ፍላጎቱ የሚሞላው «ቫልዩስ» የተባለ ፋይል አለ፤ የሱቁ ስም፣ የተጠቃሚዎቹ ብዛት፣ የመዝገቡ ቦታ ስፋት በዚያ ይጻፋል። ሁለቱ ከተያዙ ሥራውን የማያውቀው ሌላ ባለሙያ እንኳ መጥቶ በአንድ ትእዛዝ ሊያቆመው ይችላል።

ሁለተኛው ጥቅሙ ወደ ኋላ መመለስ መቻሉ ነው። ሄልም እያንዳንዱን አገጣጠም በተራ ቁጥር መዝግቦ ይይዛል። አምስተኛው ማሻሻያ የተበላሸ እንደ ሆነ ወደ አራተኛው መልስ ቢሉት ይመልሳል። በዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሊታወቅ ይገባል፤ የሚመለሰው የፕሮግራሙ አቋም እንጂ በመዝገቡ ውስጥ የተጻፈው ሒሳብ አይደለም። የተሳሳተ ማሻሻያ የደምበኛን ዱቤ ቢሰርዝ ሄልም አያመጣውም። ስለዚህ መዝገቡን በየዕለቱ ገልብጦ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ እንደ ቀድሞው ግዴታ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ልብ እንዲባል የምንፈልገውን ዋና ነገር እንናገራለን። ቻርት ዝርዝር ነው እንጂ ዕቃው ራሱ አይደለም። በውስጡ የተጻፈው፣ ይህን ያህል ኮንቴይነር ከእገሌ ግምጃ ቤት ይምጣ የሚል ትእዛዝ ነው። የታሸገው ዕቃ፣ ባለሙያዎቹ ኢሜጅ የሚሉት፣ የሚገኘው በአብዛኛው በውጭ አገር ባለ የኩባንያ ግምጃ ቤት ነው። እንግዲህ ዝርዝሩ በእጃችን ሆኖ ግምጃ ቤቱ ቢዘጋ፣ ወይም መንገዱ ቢቋረጥ፣ የቀረን ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ይህም የደረሰ ነገር ነው። ቢትናሚ የተባለ ድርጅት ለብዙ ዓመታት የመዝገብና የሌሎችም ታዋቂ ፕሮግራሞችን ኢሜጅና ቻርት አዘጋጅቶ በነፃ ያድል ስለ ነበር፣ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ የሄልም ተጠቃሚዎች በእርሱ ላይ ተመርኩዘው ነበር። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2019 ቪኤምዌር ገዛው፤ ቪኤምዌርን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ብሮድኮም ገዛው። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ አዲሱ ባለቤት ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ከነሐሴና ከመስከረም ወር ወዲህ ቁጥራቸው የታወቁት አብዛኞቹ ኢሜጆች ከተለመደው ቦታ ተነሥተው መታደሻ ወደሌለው የአሮጌ ዕቃ ክፍል እንዲሄዱ፣ የሚታደሱት ግን በዋናነት ለሚከፍሉ ደምበኞች እንዲሆኑ አደረገ። የቻርቶቹ ጽሕፈት እንደ ቀድሞው ለሁሉ ክፍት ሆኖ ቀረ። ዝርዝሩ አልተወሰደም፤ የተነሣው ዕቃው ነው። አስቀድመው ዕቃውን በራሳቸው ግምጃ ቤት ገልብጠው ያኖሩ ሰዎች በጸጥታ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ያላኖሩት ግን የት እንደሚያገኙ ሲጣደፉ ሰነበቱ።

በዚህ አድራጎት ብሮድኮምን በሕግ የሚከስ አይኖርም፤ በነፃ የሰጠ ሰው ልግስናውን ለዘላለም የመቀጠል ውል አልገባምና። የሄልም ሰዎች ራሳቸው በመጀመሪያ ያቋቋሙት የጋራ የቻርት ማደያ እንኳ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 መታደሱን አቁሟል። ነጋዴ ሊይዘው የሚገባው ትምህርት አጭር ነው፤ የአሠራሩ ክፍት መሆን አንድ ነገር ነው፣ የአቅርቦቱ መዝለቅ ሌላ ነገር ነው። የአንዱን ምስክር ወረቀት ለሌላው መያዣ አድርጎ መቀበል አይገባም።

መንገዱ ሲቋረጥ የሚሆነውን ደግሞ ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው የለም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በመካነ ኢየሱስ ያለ ባለሱቅ በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶበት ፕሮግራሙን እንደገና ለማስገጠም ቢፈልግ፣ ባለሙያው አጠገቡ ቢቀመጥ እንኳ ከባሕር ማዶ ዕቃውን የሚያመጣበት መንገድ አልነበረውም። ዕቃው በደብረ ታቦር ወይም በባሕር ዳር በአንድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ መንገደኛ በኪሱ ይዞት ይመጣ ነበር። ጨውና ስኳር ክረምት ሳይገባ የምናከማች ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ጸሐፊ በቅርብ የተመለከተው አንድ ጉዳይም አለ። አንድ የንግድ ቤት የቆጠራ ፕሮግራም ለማሠራት ለአንድ ባለሙያ ገንዘብ ከፈለ፤ ሥራውም በደንብ ይሄድ ነበር። ባለሙያው ሌላ ሥራ አግኝቶ በሄደ ጊዜ ግን የተካው ሰው ቻርቱንም፣ የተሞላውንም ፋይል፣ የምስጢር ቁልፎቹንም ሊያገኝ አልቻለም፤ ሁሉም በቀድሞው ሰው የግል ኮምፒውተር ነበሩና። የንግድ ቤቱ ከሦስት ሳምንት በላይ በወረቀት መዝገብ ሲሠራ ቆይቶ በመጨረሻ አዲስ ፕሮግራም አሠራ። በውሉ ላይ «ፕሮግራም ይሠራል» የሚል ቃል እንጂ «ዝርዝሩንና ዕቃውን ያስረክባል» የሚል ቃል ስላልነበረበት ባለቤቱ የሚጠይቀው መብት አላገኘም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በኛ አስተያየት፣ በኮንቴይነር የሚሠራ ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ ወይም የነጋዴዎች ማኅበር ሁሉ በውሉ ላይ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ሳያስጽፍ የመጨረሻውን ክፍያ መፈጸም የለበትም።

1ኛ፤ ሠሪው ቻርቱንና የተሞላውን የቫልዩስ ፋይል ሙሉ በሙሉ ለባለቤቱ ያስረክባል፤ በተሻሻለም ቁጥር አዲሱን ቅጂ ይሰጣል። የምስጢር ቁልፎች ግን በቻርቱ ውስጥ አይጻፉም፤ ለብቻቸው ታሽገው ለባለቤቱ ይሰጣሉ።

2ኛ፤ በቻርቱ የተጠቀሰው እያንዳንዱ ኢሜጅ ከነ ዕትም ቁጥሩ ይጻፋል። «የቅርብ ጊዜው ይምጣ» የሚል ትእዛዝ ተቀባይነት የለውም፤ ዛሬ የመጣውና ነገ የሚመጣው አንድ ለመሆናቸው ዋስትና የለምና።

3ኛ፤ ኢሜጆቹ ሁሉ ባለቤቱ በሚያዝበት፣ በአገር ውስጥ በሚገኝ ግምጃ ቤት ይገለበጣሉ፤ ቻርቱም ከዚያ እንዲወስድ ይታዘዛል።

4ኛ፤ ርክክቡ በሚፈጸምበት ቀን ከኢንተርኔት በተለየ ባዶ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙ ከነመዝገቡ ቅጂ እንደገና ተገጥሞ ሲሠራ በዓይን ይታያል። ይህ ፈተና ካልተፈጸመ ሦስቱ ተስፋዎች በቃል ብቻ ይቀራሉ።

ሦስተኛው ነገር ከባድ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። ሃርበር የተባለ፣ ትርጓሜውም ወደብ የሆነ፣ እንደ ሄልም ሁሉ ክፍትና ዋጋ የማይጠየቅበት ሶፍትዌር አለ፤ ኢሜጆችንና ቻርቶችን ተቀብሎ ያኖራል። ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ መኖሩ ዕቃን ወደ ነጋዴው እንዳቀረበ ሁሉ፣ ይህም የኮምፒውተሩን ዕቃ ያቀርባል። የሚያስፈልገው አንድ መልካም ኮምፒውተር፣ የመብራት መጠባበቂያና ኃላፊነት የተሰጠው አንድ ሰው ነው። በራሱ ቤት ማኖር የማይፈልግም፣ በአዲስ አበባ በአይሲቲ ፓርክ ራክሲዮና ዊንጉን የመሳሰሉ ኩባንያዎች የመረጃ ማዕከል ከፍተዋልና፣ በአገር ውስጥ ቦታ ሊከራይ ይችላል።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለአንዲት ሱቅ ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። እውነት ነው። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ደብተር የሚበቃው ባለሱቅ ኩበርኔቲስም ሄልምም አያስፈልገውም፤ ሻጭ ይህን ሊያስገዛው ቢመጣ በአክብሮት ይሸኘው። ለሁለት ኩንታል ጤፍ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አይከራይም። ጉዳዩ የሚነካው ብዙ ቅርንጫፍ ያለውን፣ ወይም ከሌሎች ጋር በማኅበር የሚሠራውን ነጋዴ ነው። ሆኖም ትንሹ ባለሱቅ ራሱ በስልኩ የሚጠቀምበት አገልግሎት እንዲህ ባለው ሥርዓት ላይ የቆመ ሊሆን ስለሚችል፣ አገልግሎት ሰጪውን «ዕቃህ የተቀመጠው የት ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ሌላውም «ዋጋው ይጨምራል፤ ሠሪዎቹም እንዲህ ያለ ውል አይቀበሉም» ይል ይሆናል። ዋጋው በጥቂቱ እንደሚጨምር አንክድም። ነገር ግን ለጭነት መድን የሚከፍል ነጋዴ ይህን ወጪ እንደ ኪሳራ ሊቆጥረው አይገባም። ሠሪዎቹን በተመለከተም፣ ታማኝ ባለሙያ ሥራውን በግልጽ ለማስረከብ አይፈራም። አብዛኛው መሣሪያ እርሱም በነፃ ያገኘው ስለ ሆነ፣ የሚያስከፍለን ለእውቀቱና ለድካሙ ነው እንጂ ዝርዝሩን ለመደበቅ አይደለም። አንድ ነጋዴ ብቻውን ሲጠይቅ እንቢ ሊባል ይችላል፤ ብዙዎች አንድ ዓይነት ውል ይዘው ሲቀርቡ ግን ልማድ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምክር ቤታችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ በትሕትና እንጠይቃለን። የመጀመሪያው፣ ከላይ የተዘረዘሩት አራት ነገሮች የገቡበት የውል ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅቶ ለአባላቱ እንዲያድል ነው። ሁለተኛው፣ አባላት በሚያዋጡት ገንዘብ ለዞኑ ነጋዴዎች የሚያገለግል አንድ የጋራ የኢሜጅ ግምጃ ቤት እንዲያቋቁም ነው። በየከተማው አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ ወጣቶች ይህን ሥራ ቢሠለጥኑበት ለራሳቸው እንጀራ፣ ለነጋዴውም ዋስትና ይሆናሉ።

የባሕር ማዶ ሰዎች ደክመው የሠሩትን መሣሪያ ያለ ዋጋ ማግኘታችን መልካም ዕድል ነው፤ ልናመሰግናቸውም ይገባል። ነገር ግን ከለጋስ ጎረቤት ዘር የተቀበለ ገበሬ ከመከሩ ለከርሞ የሚሆነውን በጎተራው ያስቀራል እንጂ በየዓመቱ ከጎረቤቱ ደጅ አይቆምም። እኛም ዘንድሮ ሳይቃጠል በቅጠል ብለን ዝርዝሩን በእጃችን፣ ዕቃውንም በግምጃ ቤታችን እናድርግ።

ከአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ
መካነ ኢየሱስ